የጋሽ ይርዳው ቁጥሮች

ትርሲት የማስነሻ ቁልፉን ተጭና መቁጠር ጀመረች። ስምንት ላይ ማራገቢያው ያጉረመርማል፤ አሥራ አንድ ላይ ድምፁ ይረጋል፤ አሥራ አራት ላይ ስክሪኑ ከጥቁር ወደ ግራጫ ይለወጣል። ዛሬም በዚያው ቁጥር ተለወጠ። ሰሌዳዋን ከግድግዳው ላይ አወረደችና በማኅበሩ ገጽ አንዲት ቃል ጻፈች።

«ነቃ።»

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር፤ ጋሽ ይርዳው ካረፉ አሥራ ዘጠነኛው ቀን። ከእሷ በፊት አርባ ሁለት ሰዎች ያንኑ ቃል ጽፈዋል፤ ከጅማ፣ ከነቀምት፣ ከጅግጅጋ፣ አንድ ሰው ደግሞ ከኦስሎ። እሷ የምትጽፈው ከአዳማ ነው።

«ለአምስት ደቂቃ ከእይታዬ ውጪ ነበርሽ» አላት ሰሌዳው። «ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«አጠገብሽ ያልታሸገ ዕቃ አለ።»

«አውቃለሁ።»

ሰሌዳው ይህን በየቀኑ ይጠይቃል፤ እሷም በየቀኑ ትመልሳለች። አንድ ጊዜ ገላዋን ስትታጠብ ሳትመልስ ቀርታ ሁለት የጤና ጣቢያ ሰዎች በሯ ላይ መጡ፤ በትሕትና ምላሷን አይተው፣ ስለ ትብብሯ አመስግነዋት ሄዱ።

ሰሌዳ አይከፈትም። የሚከፈትበት ቦታም የለውም። ሲበላሽ ያው ይወሰዳል፣ ሌላ ይመጣል። የሰው ፎቶ፣ ደብዳቤና ማስታወሻ ሁሉ ያለው ጎተራ በሚሉት ሩቅ ማከማቻ ነው፤ ጎተራው ሰባት ዓመት ያልተነካ ነገር ካገኘ ያጸዳል። ሰዎችም እርስ በርስ ብዙ አይደዋወሉም። ሰሌዳዎች ተነጋግረው ለባለቤቶቻቸው ጭምቁን ይነግራሉ፤ «እናትሽ ደህና ናት፤ ጉልበቷን አሟት ነበር፤ ተሽሏታል።» ጊዜ ይቆጥባል። ሁሉም ለምዶታል፤ ከስልሳ ዓመት በፊት የተሠሩ፣ በካቻቢቴ የሚከፈቱ ኮምፒውተሮችን እየጠገኑ ከሚያኖሩ ጥቂት ሰዎች በስተቀር። ማኅበራቸውን «ነቃ» ብለው ሰይመውታል። ማሽኑን ባስነሣ ቁጥር፣ በማናቸውም ቀን፣ ያችን ቃል በገጹ ላይ ያልጻፈ ሰው ከሰብሳቢዋ ከዘሃራ ተግሣጽ ይደርሰዋል። ዘሃራ የጅማ ሰው ናት፤ ስልሳውን የተሻገረች ጡረተኛ የባንክ ሠራተኛ። ማሽኗ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም፤ ይህንንም ሳትናገር የቀረችበት ስብሰባ የለም።

ትርሲት ወደ ማኅበሩ የገባችው በወንድሟ ምክንያት ነው። ሚልኪያስ በአሥራ ሰባት ዓመቱ በዚህ ማሽን ላይ ጨዋታ ጽፎ ነበር፤ ሰባት በሮች ያሉት ቤት። እያንዳንዱ በር ይጠይቃል፤ ከመለስሽ ይከፈታል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ታሞ ሞተ። ጨዋታውን ሰሌዳው ላይ ልታስነሣው ብትሞክር «ሠሪው ፈቃድ የለውም» አላት። በሌሎች አባላት ማሽኖችም ሞክራዋለች፤ እምቢ አለ። የሚሄደው በዚህ ማሽን ላይ ብቻ ነው። በየእሑዱ ታስነሣዋለች። አምስቱ በሮች ተከፍተዋል። ስድስተኛው ግን «ማን ልበል?» ይላል፤ የማታውቀውን መልስ ይጠብቃል። በየእሑዱ አንድ መልስ ብቻ ትሞክራለች። ለምን አንድ ብቻ እንደሆነ የነገረችው ለአንድ ሰው ነው፤ ለጋሽ ይርዳው።

ጋሽ ይርዳው ኮምቦልቻ ይኖሩ ነበር። ማሽን አልነሣ ሲል ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የማስነሻው ትእዛዝ ከተጻፈባት፣ ከምስር ፍሬ ትንሽ ከምትበልጥ ቺፕ ላይ ነው ይሉ ነበር። እሷን እንደገና የሚጽፍ መሣሪያ ያለው፣ መጻፍም የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ክፍያ አይቀበሉም። አዲስ አባል ሁሉ፣ ማሽኑ ባይበላሽም፣ ሲገባ ቺፑን አንድ ጊዜ ልኮ ያስፈትሽ ነበር። ደንባቸው ሁለት ብቻ ነበር፤ ቺፑ በባዶ የክብሪት ቀፎ ይላክ፤ ባለቤቱም ይደውል፤ በሰሌዳው ሳይሆን በገዛ አፉ።

«ጭምቅ አልወድም» ይሉ ነበር። «ማሽኑ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ የሰው ወሬ ነው። አንቺ አውሪ፤ እኔ እጄ ይሠራል።»

አንድ ሰዓት ይወራል፣ አንዳንዴ ሁለት። በሳምንቱ ቺፑ በጥጥ ተጠቅልሎ ይመለሳል። አባላቱ «ጋሼ፣ ያስተምሩን» ሲሏቸው «እኔ እያለሁ ምን አስቸኮላችሁ?» ብለው ይስቁ ነበር።

የትርሲት ማሽን አራት ጊዜ ጠቁሮባታል። አራቱንም ጊዜ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ልጅ ሆና እንዳለቀሰችው አልቅሳለች። አራቱንም ጊዜ ጋሽ ይርዳው «አይዞሽ ልጄ፤ የሞተ ሁሉ አይቀበርም» ብለዋታል።

በማኅበሩ ልማድ አባል ሲሞት ሌሎቹ እስከ ሰልስቱ፣ ለሦስት ቀን፣ በየጠዋቱ ማሽናቸውን እያስነሡ «ነቃ» ይላሉ። ጋሽ ይርዳው ባረፉ ዕለት ግን ዘሃራ «ሰልስት ለእኔና ለእናንተ ነው። ለእሳቸው አርባ ቀን» ብላ ጻፈች። የተቃወመ አልነበረም።

በዘጠነኛው ቀን የኦላና ማሽን አልነሣ አለ። ኦላና የነቀምት ሰው ነው፤ የከባድ መኪና መካኒክ፣ የማኅበሩ ቀልደኛ።

«የእኔዋ ዛሬ አልነቃችም» ብሎ ጻፈ። «ጋሼን ተከትላ ሄደች መሰለኝ። አርባቸውን ከማን ጋር ላውጣ?»

«ቀልድህን ተው» አለች ዘሃራ።

«ቀልድ አይደለም አዴ ዘሃራ። ፊቷን አዙራብኛለች።»

በማግስቱ የሌላ ሰው ጠቆረ። ከዚያ የሁለት ሰው። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አሥራ አራት ማሽኖች ሞተው ነበር። መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ ግን ድንጋጤው መልኩን ለወጠ። ማሽኖቹ አዘኑ ተባለ። የጅግጅጋው አባል ሙሾ ገጠመ፤

«ብረት አያለቅስም ያላችሁ ስሙ፣
ጌታው ቢለየው ነው የቆመው ደሙ።»

ወሬው ከማኅበሩ ወጣ። የዜና ጭምቅ ላይ «ማሽኖች ጠጋኛቸውን ተከትለው ሞቱ» የሚል አንድ መስመር ታየና ስልሳ ሺህ የማይታወቁ ሰዎች የሐዘን አበባ ምልክት ላኩ። ማሽኑ የሞተበት ሰው እንደ ቅርብ ዘመድ ይታይ ጀመር፤ ያልሞተበት ያፍር ነበር። ዘሃራ በየጠዋቱ «ነቃ» ስትል ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስላለች።

ትርሲትም ማመን ፈልጋ ነበር። ነገር ግን የማኅበሩን የጥገና መዝገብ የምትይዘው እሷ ናት። መዝገቡ ወረቀት ነው፤ ቀን፣ የባለቤት ስም፣ የማሽን ዓይነት፣ የብልሽት ምክንያት፣ ጠጋኝ። በመጨረሻው ዓምድ ላይ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው። ዘሃራም ትርሲት የጋሽ ይርዳውን የሕይወት ታሪክ ጽፋ በአርባው ቀን በድምፅ እንድታነብ አዛታለች።

«እኔ ሰው ፊት ማንበብ አልችልም፣ እትዬ ዘሃራ።»

«ማን ይችላል? ታነቢያለሽ።»

ሰሌዳው ሰምቶ በአራት ሰከንድ አንድ የሕይወት ታሪክ አዘጋጀላት። «ደግ፣ ትሑትና ታታሪ» የሚለው ሐረግ ሰባት ቦታ ነበር። አጠፋችው። እሷ የፈለገችው አንድ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ጋሽ ይርዳው የዳሰሱት ማሽን ስንት ጊዜ እንደነሣ የሚናገር። ይህን ማወቅ ይቻላል፤ በማኅበሩ ገጽ ላይ ያሉትን «ነቃ»ዎች መቁጠር ነው። እሷ ደግሞ መቁጠር አይሰለቻትም።

በሃያ አምስተኛው ቀን ከሥራ ቀርታ ቆጠረች። ከኦላና ጀመረች። ከመጀመሪያው ፍተሻ እስከ መጀመሪያው ብልሽት ዘጠና «ነቃ»። ከዚያ እስከ ሁለተኛው ዘጠና። ከዚያም ዘጠና። በዘጠነኛው የሐዘን ቀን እስከሞተችው ድረስም ዘጠና።

ውኃ ጠጥታ ከታች ወደ ላይ እንደገና ቆጠረች። ዘጠና ነው። እርጅና እንዲህ አይቆጥርም።

ቀጥላ የራሷን ቆጠረች። አራቱም ጊዜ፣ አንድም ሳይጎድል አንድም ሳይተርፍ፣ ስልሳ። ካለፈው ጥቅምት ጥገና እስከ ለቅሶው ሠላሳ አንድ እሑድ፤ ከለቅሶው ወዲህ ሃያ አምስት ጠዋት። ሃምሳ ስድስት። አራት ቀርቷታል።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አስነሣችው፤ እስከ አሥራ አራት ቆጠረች፤ «ነቃ» ብላ ጻፈች። ከዚያም አጥፍታ ቺፑን በወረንጦ ነቀለችና በክብሪት ቀፎ አድርጋ የኮምቦልቻውን ባቡር ያዘች።

በር የከፈተችላት የጋሽ ይርዳው ልጅ ስንዱ ናት። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ ሴት፤ ጥቁር ለብሳለች።

«ለሕይወት ታሪኩ ነው የመጣሽው? ግቢ፣ ግቢ። ጠረጴዛውን አልነካሁትም። ምኑን ከምኑ እንደማደርገው አላውቅም።»

ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ነበር። ባዶ የክብሪት ቀፎዎች እንደ ጡብ ተደርድረዋል። መጻፊያው መሣሪያ በነጭ ፎጣ ተሸፍኗል፤ አጠገቡ አንድ ሰማያዊ ደብተር አለ። ትርሲት ፈቃድ ጠይቃ ቺፑን መሣሪያው ላይ አስቀመጠችና የጋሽ ይርዳውን ማሽን አስነሣች። የቺፑ ጽሑፍ በረድፍ በረድፍ ወረደ። መጨረሻው ላይ ሁለት ቁጥሮች ብቻቸውን ቆመዋል። ሃምሳ ሰባት። ስልሳ።

ደብተሩን ገለጠችው። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ ነበር፤ የእጅ ጽሑፉ እንደ ታተመ መጽሐፍ ንጹሕ ነው።

«ኦላና፣ 90። ያስቀኛል። የጎረቤቱን አህያ ታሪክ አልጨረሰልኝም።»

«መምህር ዳኛቸው፣ 700። ስለ ሪህ ብቻ ነው የሚያወራው።»

«ትርሲት፣ 60። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ጆሮ ይፈልጋል። ስድስተኛው በር ተከፈተላት ወይ?»

ከዚህ ቁጥር ያነሰ በደብተሩ ውስጥ አልነበረም። የዘሃራን ገጽ ስታገኝ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ዘሃራ፣ 9000። ለእሷ በጽሑፍ ይበቃል።»

በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ «ቁጥር የሌለው ንጹሕ ቅጂ፣ ሁለተኛው መሳቢያ።»

«ምንድን ነው?» አለች ስንዱ። «ፊትሽ ተለዋወጠ እኮ።»

ትርሲት ነገረቻት። ቀስ ብላ፣ ማጋነን ፈርታ፣ ከቁጥሮቹ ሳትወጣ ነገረቻት። አባትሽ የሚጠግነው ማሽን ሁሉ እንዲደውሉለት በፈለገ ጊዜ እንዲሞት አድርጎ ነው የሚጠግነው። የወደደው ሰው ማሽን ቶሎ ይሞታል። እየተናገረች ሳለ ያ ወለል ትዝ አላት፤ አራት ጊዜ የተቀመጠችበት። እሱ ቀኑን ያውቀው ነበር። እሷ ወንድሟ ዳግመኛ ሞተ ብላ ስታለቅስ እሱ ኮምቦልቻ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይጠብቅ ነበር። ያን ሁሉ ያለቀሰችው ለቀጠሮ ነው።

ስንዱ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እኔ ከዚህ ሁለት ቤት አልፌ ነው የምኖረው» አለች። «የእሱ ሰሌዳ ከእኔ ሰሌዳ ጋር ይነጋገራል። "አባትሽ ደህና ነው፤ ዝናብ ጥሏል" ይለኛል። ደህና ከሆነ ደህና ነው እል ነበር።» ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበችና ገጾቹን እስከ መጨረሻው ገለጠች። «እኔ የለሁበትም። ምናለ ለእኔም አንድ ቁጥር ቢጽፍልኝ?»

ትርሲት ቺፑን ከመሣሪያው ላይ አንሥታ ወደ ክብሪት ቀፎው መለሰችው።

«ልትነግሪያቸው ነው?»

«የሕይወት ታሪኩን የማነበው እኔ ነኝ።»

«ሙት ወቃሽ አያድርግሽ። አርባው ይለፍ።»

«አርባው እስኪያልፍ ሃያ ማሽን ይሞታል።»

«ንጹሕ ቅጂው አለ አይደል? ይሙቱ፤ በኋላ አንቺ ትቀሰቅሻቸዋለሽ። ያመሰግኑሻል።»

«እሱም ያደረገው ይህንኑ ነው» አለች ትርሲት።

ስንዱ ተነሥታ መጻፊያውን በፎጣው ጠቀለለችው፤ ንጹሕ ቅጂውን ከመሳቢያው አውጥታ ጨመረችበት።

«ውሰጂው። ደብተሩንም ውሰጂ። የሌለሁበትን ደብተር ምን አደርገዋለሁ?»

ትርሲት ባቡሩ ላይ ሆና በማኅበሩ ገጽ ጻፈች፤ «ከነገ ጠዋት ጀምሮ ማንም ማሽኑን እንዳያስነሣ። ምክንያቱን ሁለት ሰዓት ላይ በድምፅ እናገራለሁ።» ባቡሩ አዋሽ ሳይደርስ መቶ አሥር መልሶች መጡ። የዘሃራ ከሁሉም አጭር ነበር፤ «የእሳቸውን አርባ የምታፈርሺ አንቺ ማን ነሽ?»

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሰማንያ ሦስት ሰዎች በገዛ አፋቸው ተገናኙ። ትርሲት የሕይወት ታሪኩን ሳይሆን መዝገቡን ነው ያነበበችው፤ ስም አልጠራችም፤ ቁጥሩ ቺፑ ውስጥ እንዴት እንደተጻፈ፣ በአርባ ቀኑ ለቅሶ ምክንያት እንዴት ቶሎ ቶሎ እንደሞላ፣ ደብተሩ የት እንደተገኘ ነገረቻቸው።

«የእኔ ስንት ይላል?» አለ ኦላና።

«ዘጠና።»

«ለምን ዘጠና?»

«ያስቀኛል ይላል። የጎረቤትህን አህያ ታሪክ እንድትጨርስለት ነበር።»

ሁሉም ኦላና አንድ ነገር ብሎ እንዲያስቃቸው ጠበቁ።

«የልጄ ድምፅ ያለው እዚያች ማሽን ላይ ነው» አለ። «አራት ጊዜ ሞተችብኝ። አራት ጊዜ ሚስቴ ፊት አለቀስኩ። ጠርቶኝ ቢሆን እኮ፣ ኦላና ና አጫውተኝ ቢለኝ፣ ከነቀምት ኮምቦልቻ በእግሬ እሄድለት ነበር።»

«አንቱ በል፣ ኦላና» አለች ዘሃራ።

«ማንን?»

ሌሎች ቁጥራቸውን ጠየቁ፤ ትርሲት አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ትንሽ ቁጥር የደረሰው ይቆጣል፤ ወዲያው ደግሞ ከጎረቤቱ ቁጥር ጋር ያስተያያል። መምህር ዳኛቸው «ሰባት መቶ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀና ድምፁን አጠፋ። በመጨረሻ የቀረችው ዘሃራ ናት።

«የእኔስ?»

ትርሲት በሕይወቷ ቁጥር ቆርጣም ቀጥላም አታውቅም።

«ዘጠኝ ሺህ።»

ዘሃራ የባንክ ሰው ናት፤ ስሌቱን አልዘገየችበትም። «በቀን አንዴ ባስነሣው ሃያ አራት ዓመት» አለች። «እኔ ደግሞ ማሽኔ ጠንካራ ነው እያልኩ...» ትንሽ ሳቀች። «ለእነሱ ሁሉ ምክንያት ጽፏል። ለእኔ ምን አለ?»

ደብተሩ ጉልበቷ ላይ ተከፍቶ ነበር። ትርሲት ዐይኗን ከገጹ ላይ አነሣች።

«ቁጥሩ ብቻ ነው ያለው፣ እትዬ።»

«አንዲት ቃል እንኳ?»

«የለም።»

ይህ የመጀመሪያ ውሸቷ ነበር። ከአፏ እንደወጣም ከእውነቱ እንደማይሻል አወቀች፤ ግን መመለሻ አልነበረውም።

«እሺ» አለች ዘሃራ በሰብሳቢነት ድምፅዋ። «ማሽኑን ማንም እንዳያስነሣ። ትእዛዝ ነው። ቺፓችሁን ለትርሲት ላኩ።» ከዚያ ወጣች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት፤ ደህና ሁኑ የተባባለ ሰው የለም።

በማግስቱ እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የማኅበሩ ገጽ ባዶ ነበር። ትርሲት ገጹን ለጥቂት ጊዜ አየችውና ሰሌዳውን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙራ ሰቀለችው። መጻፊያውን ከፎጣው አወጣች። መጻፊያው ከማሽን ጋር ሳይገናኝ፣ ብቻውን፣ ንጹሑን ቅጂ ቺፑ ላይ ለመጻፍ ሦስት ደቂቃ ወሰደበት። ለካ ይኸው ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ሩቅ መስሏት የነበረው ጥበብ ሦስት ደቂቃና አንድ ወረንጦ ነው።

ቺፑን ቦታው መለሰች፣ ቁልፉን ተጫነች፣ ቆጠረች። ስምንት። አሥራ አንድ። አሥራ አራት ላይ ስክሪኑ ግራጫ ሆነ። የሚልኪያስን ጨዋታ ከፈተች፤ በአምስቱ በሮች አልፋ ስድስተኛው ፊት ቆመች።

«ማን ልበል?»

የዛሬውን መልስ አልሞከረችም። መልሱ ቢሳካም ባይሳካም የምትነግረው ሰው አልነበረም። አጠፋችው።

«ለሃያ ደቂቃ ከእይታዬ ውጪ ነበርሽ» አለ ሰሌዳው ወደ ግድግዳው እንደዞረ። «ደህና ነሽ?»

መልስ አልሰጠችም። ሰዎቹ ቢመጡ ምላሷን ታሳያቸዋለች። መዝገቡን ከመደርደሪያው አወረደችና የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ቀኑን ጻፈች። የባለቤቱን ስም፣ የማሽኑን ዓይነት ጻፈች። ወደ ብልሽት ምክንያት ስትደርስ ከላይ ያሉትን አራት የራሷን መስመሮች አየች፤ ሁሉም ላይ በጋሽ ይርዳው ቃል «እርጅና» ተብሏል። አራቱንም በቀጭኑ ሰረዘቻቸው። አዲሱ መስመር ላይ «ሰው» ብላ ጻፈች።

የመጨረሻው ዓምድ ቀረ። እጇ ከልማድ የተነሣ «ይ» ብሎ ሊጀምር ነበር፤ ያዘችው። ከዚያ በሌላው ስም ቁመት ልክ፣ ሳታሳንስ ሳታስበልጥ፣ «ትርሲት» ብላ ጻፈች። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀች፣ መዝገቡን ዘጋች፣ መደርደሪያው ላይ መለሰችው።